ባለ ሁለት ሞላውን ተዉት፣ ባለቤቱን ጠይቁ

ዛሬ ረጅም ነው። የማይታገስ ይለፈው። ለልጁ ወይም ለራሱ ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ግን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ያም ይታወቅልኝ።

ወቅቱን ታውቁታላችሁ። ጤፉ ተወቅቷል፣ ሽምብራውም ወደ መሰብሰቡ ነው። ሚንጃር ላይ በዓመት አንዴ ገበሬው እጅ ላይ ብር የሚያድርበት ሰሞን ይሄ ነው። ከገጠር ቀበሌ እየተመላለሰ አረርቲ የሚማር ልጅ ያለው አባት "ዘንድሮስ ሳይክል እገዛለታለሁ" የሚለውም አሁን ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? አባትና ልጅ አዳማ ይወርዳሉ፣ ወይም መርካቶ ይገባሉ። ሱቅ ደጃፍ ከተደረደረው መሃል ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ቀይና ጥቁር የተቀባ፣ ሞተር ሳይክል ለመምሰል የሚታገል ነገር ያያሉ። የልጁ ዐይን እዚያው ይቀራል። ባለሱቁ "ደብል ሾክ ነው አባባ፣ ለገጠር መንገድ የተሠራ ነው" ይላል። ብሩ ይቆጠራል። በቃ።

ያንን ሳይክል በሰኔ የት ነው የምታገኙት? ጓሮ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ልብስ ተሰጥቶበት። ልጁ ደግሞ እንደ ድሮው በእግሩ። ያ ሳይክል ስንት ኩንታል ጤፍ እንደሆነ ለማስላት ፊዚክስ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ጉዳይ ከዚህ በፊት አጠር አድርጌ ጽፌ ነበር። አንዱ የድሮ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ዘመኑ የደብል ሾክ ነው፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው እሱን ነው የሚነዱት" አለኝ። ሌላው "ሳይክል የሕፃን ነገር ነው፣ ሞተር ይግዙላቸው" አለ። ብዙ ሰው ወደደላቸው። ስለዚህ ዛሬ በደንብ እንነጋገር።

አቋሜ አጭር ነው። በኛ መንገድ፣ በኛ ኪስና በኛ ጠጋኝ የሚገዛው ሳይክል ኋላው ደረቅ የሆነ፣ ሞላ ካለውም የፊት ሹካው ላይ ብቻ ያለው የተራራ ሳይክል ነው። ፈረንጆቹ ሃርድቴይል ይሉታል፣ ጭራው ደረቅ እንደማለት ነው። ከሃርድቴይልም የትኛው የሚለውን ባለሱቁ አይነግራችሁም፣ ቪዲዮውም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ቢያንስ አንድ ክረምት የነዳው ሰው ነው።

የሚገርመኝ፣ ይህን ጥበብ እኛ ከማንም በላይ የምናውቅ ሰዎች መሆናችን ነው። ሚንጃሬ በሬ ሲገዛ አይታችኋል? አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ሰኮናውን ያያል። ቀንበር ያረፈበትን ጫንቃውን በእጁ ይዳስሳል። ወደፊትና ወደ ኋላ ያስነዳዋል። ግራ ነው ቀኝ የለመደው ብሎ ይጠይቃል። ይህም አይበቃውም፣ ደላላውን ትቶ ከሻጩ መንደር የመጣ ሰው ይፈልግና ጠጋ ብሎ "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ትልም ላይ ይተኛል?" ይላል። ደላላው ስለ በሬው ቀንድ ማማር ሲያወራ ማንም አይሰማውም። ያው ገበሬ ግን ሳይክል ሱቅ ሲገባ የሚያየው ቀንዱን ብቻ ነው! ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር ይሏል ይሄ ነው።

እሺ፣ የኋላው ሞላ ምን አደረገኝ? ያስተማርኳችሁን ላስታውሳችሁ። ሞላ የሰጡትን ጉልበት ይውጥና መልሶ ይተፋዋል። መልሶ ሲተፋ የሚገታው ነገር ከሌለ ይንጣል። መኪና ላይ ሞላው ሌላ፣ ገቺው ሌላ ነው፤ ንጠቱን የሚያበርደው በውስጡ ዘይት ያለው ሾክ አብዞርበር ነው። እንግዲህ ያንን ሱቅ ደጃፍ የቆመ "ደብል ሾክ" ዝቅ ብላችሁ እዩት። ከኮርቻው ሥር ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሞላ ብቻ ነው። ገቺ የለውም። ስሙ ሾክ ነው እንጂ ሥራው የአልጋ ሽቦ ነው።

ከዚህ ሞላ ጋር ዳገት ስትወጡ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር የጉልበታችሁ አንዱ ክፍል ጎማውን ከማዞር ይልቅ ኮርቻውን ወደ ታችና ወደ ላይ ያስጨፍራል። ጠዋት ሳይበላ ለሚወጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም። ክብደቱም አለ፤ ሞላውና ሞላውን የሚሸከመው ተጨማሪ ብረት ሁሉ በልጁ እግር ነው የሚጎተተው።

ግን ዋናው ጉዳት ይሄም አይደለም። ዋናው መገጣጠሚያው ነው። የኋላው ክፍል እንዲወዛወዝ ከፊተኛው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ቦኮላ አለ። በርካሾቹ ላይ ይሄ ቦኮላ ፕላስቲክ ነው። የኛ አቧራ ገብቶበት፣ የክረምት ውሃ ገብቶበት፣ በጥቂት ወራት ይበላል። ከዚያ የኋላ ጎማው እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ይላል፣ ካቴናው ከጥርሱ ይወርዳል፣ ፍሬኑ ቦታውን ይስታል። ቦኮላውን ፈልጉና አምጡልኝ! አረርቲ የለም፣ ሞጆ የለም፣ መርካቶም "የዚህን ሞዴል አናውቀውም" ትባላላችሁ። ጠጋኙ ከጎማ ቁራጭ ይቆርጥላችኋል፤ እሱም ለሳምንት ነው።

የኋላ መጫኛም አለ። በደረቅ ጭራ ላይ መጫኛ በአራት ብሎን ይታሰራል፣ አለቀ። ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ግማሽ ጆንያ ሽምብራ፣ ወይም ታናሽ እህት ይጫናል። ኋላው በሚወዛወዝ ሳይክል ላይ ይሄን ሞክሩት። እኛ አገር ሳይክል አህያም ነው፤ የማይጫን አህያ ማን ይገዛል?

አሁን "ፈረንጆቹ ራሳቸው" ወደሚለው እንምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

የተራራ ሳይክል የሚባለው ነገር የተወለደው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል አውራጃ፣ ታማልፓይስ በሚሉት ተራራ ላይ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዚያ አካባቢ ወጣቶች ያረጀ፣ ከባድ፣ ወፍራም ጎማ ያለው፣ አንዳችም ሞላ የሌለው ሳይክል እየገፉ ተራራ ይወጡና ቁልቁል ይለቁት ነበር። ፍሬኑ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ዓይነት ነው። ከ1976 ጀምሮ የሚወዳደሩበት አንድ ቁልቁለት ነበረ። አንዴ ወርደው ሲጨርሱ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ተቃጥሎ ያልቅና እንደገና መሞላት ነበረበት፤ ውድድሩም ስሙን "ሪፓክ" ያገኘው ከዚሁ ነው። በ1977 ጆ ብሪዝ የሚባለው ሰው ለተራራ ብሎ አዲስ ሳይክል ሠራ። ያም ሞላ የለውም። ሮክሾክስ የሚባለው ኩባንያ የፊት ሹካ ላይ ሞላነት ያለው ነገር ገበያ ያወጣው በ1989 አካባቢ ነው። አስቡት፣ ከአሥር ዓመት በላይ የተራራ ሳይክል ያለ ሞላ ተራራ ሲወርድ ኖሯል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የሚወርድ ሰውም በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ፍሬን ነው፣ ሞላ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከዚህ የሚበልጠውን ስሙ። ሮክሾክስን በኋላ ስራም የሚባል ትልቅ የሳይክል ዕቃ ኩባንያ ገዛው። የዚያው የስራም መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤፍ ኬ ዴይ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር በ2005 ወርልድ ባይስክል ሪሊፍ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ እንደ ዛምቢያ፣ ማላዊና ኬንያ ባሉ አገሮች ገጠር ለተማሪዎችና ለጤና ሠራተኞች ሳይክል ያቀርባል። ሳይክሉ ባፈሎ ይባላል፤ ወፍራም ብረት፣ ጠንካራ ጎማ፣ መቶ ኪሎ የሚሸከም የኋላ መጫኛ ያለው። ሞላስ? የለውም። ከፊትም ከኋላም የለውም! በዓለም ላይ ሞላ በመሸጥ ከታወቀ ቤት የወጣ ሰው ለአፍሪካ ገጠር ሳይክል ሲያስብ አንድም ሞላ አላስገባም። እኛ ደግሞ ከኋላም ጨምሩልን እንላለን።

አዎ፣ ዛሬ ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ከፊትም ከኋላም ያለውን ይነዳሉ፣ አልክድም። ግን የብዙዎቹ ሞላ ብረት አይደለም፣ የታመቀ አየር ነው። ገቺው በዘይት ይሠራል፣ ቦኮላው ኩሽኔታ ነው። ሮክሾክስ ራሱ ለብዙዎቹ ሹካዎቹ የታችኛውን ክፍል በየ50 ሰዓት ንድታ ከፍታችሁ አጽዱ፣ ዘይቱን ለውጡ ይላል። ደርሶ መልስ በቀን ሁለት ሰዓት የሚነዳ ተማሪ 50 ሰዓት የሚሞላው በ25 የትምህርት ቀን ነው። በየአምስት ሳምንቱ ሹካ የሚፈታ ማነው? ለተወዳዳሪው መካኒክ ተቀጥሮለታል። ለኛ ልጅ የተቀጠረው ያው አባቱ ነው፣ በመጥረቢያ ጀርባ።

"ታዲያ የፊቱስ ለምን?" የሚል አይጠፋም፣ ትክክል ነው። የፊት ሞላ ባይኖርም እኖራለሁ፤ ብሩ ካነሰ ጭራሽ ሞላ የሌለውን፣ ግን ጎማውና ፍሬኑ ጥሩ የሆነውን እመርጣለሁ። ሆኖም የፊቱ ሲበላሽ ሳይክሉን ገደል አይከተውም፤ ቢደርቅም ትነዱታላችሁ፣ ደረቅ ሹካም ተገዝቶ ይቀየራል። ኮብልስቶን ላይም ለእጅ አንጓ እረፍት አለው። ስትገዙ የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ እጀታውን ወደ ታች ግፉት። ዝቅ ብሎ በቀስታ ከተመለሰ ጥሩ፣ እንደ ኳስ ከነጠረ ሞላ ብቻ ነው። ከዚያ ወደፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት፤ ኳ ኳ ካለ ተዉት። አስፋልት ላይ የሚቆለፍበት ማዞሪያ ካለው ተመራጭ ነው።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። ከባዱ ከሃርድቴይሎቹ መሃል መምረጥ ነው። ባለቤት ጠይቁ ያልኩትም እዚህ ላይ ነው፣ ግን ጠያቂ መሆንም ሙያ ይጠይቃል።

"ሳይክልህ እንዴት ነው?" ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው "አሪፍ ነው" ነው የሚላችሁ። ምን ይበል? ብሩን ከፍሏል፣ ሰፈር አይቶታል፣ ሚስቱ ሰምታለች። ተሸወድኩ የሚል ወንድ ሚንጃር ላይ ካያችሁ ጥሩኝ። የገዛ በወሩ የሚሰጠውም ምስክርነት ከንቱ ነው፤ ሙሽራ በጫጉላው ስለ ትዳር ቢያወራ ማን ይሰማዋል? እና አስተያየት አትጠይቁ፣ ድርጊት ጠይቁ። ስንት ክረምት አሳለፈ? መጀመሪያ የተሰበረው ምንድን ነው? ምን ቀየርክ፣ ዕቃውን የት አገኘህ፣ ስንት ቀን ያለ ሳይክል ቆየህ? ለወንድምህ ይሄንኑ ትገዛለታለህ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ዝም ካለ ዝምታውን ጻፉት።

የቆሙትንም ጠይቁ። መንገድ ላይ የሚሄዱትን ሳይክሎች ባለቤቶች ብቻ የጠየቀ ሰው የዳኑትን ብቻ ነው የጠየቀው። ጓሮ ግድግዳ የተደገፈውን ባለቤት "ለምን ቆመ?" ብላችሁ ጠይቁት። ቡናም ጋብዙት፤ መጀመሪያ ያፍራል፣ ከዚያ ግን ያወራል።

እኔ በዚህ ዓመት ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። አንዳንዱ "ጋሼ ጤና የለውም እንዴ?" ብሎ ይሆናል። ካገኘሁት የሚጠቅመውን ልንገራችሁ።

አንዷ የድሮ ተማሪዬ ናት፣ ዛሬ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ያገለገለ ሃርድቴይል ገዝታ ሦስተኛ ክረምቷን ይዛለች። ስለ ሞላ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። "ቲቸር፣ የኔ ችግር ጭቃ ነው" አለች። የሚንጃርን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናብ ሲነካው ይጣበቃል፣ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ይወፍራል፣ ከዚያ በጎማውና በፍሬሙ መሃል ይሞላና ሳይክሉ ይቆማል። ሰውየው ሳይክሉን ይሸከማል። ስለዚህ እሷ ስትገዛ ያየችው አንድ ነገር ነው፣ ጎማውና ፍሬሙ መሃል ጣቶቿን አስገባች። ሁለት ጣት በደንብ የሚያስገባ ክፍተት ያለውን መረጠች። ጎማውንም ከሁሉ ወፍራሙን አልመረጠችም፤ ጥርሱ የተራራቀ፣ ጭቃውን የሚተፋ መካከለኛ ነው ያለው። የትኛው ሻጭ ይሄን ነግሯችሁ ያውቃል? እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስለ ሰበቃ ሳስተምር ይሄን አላሰብኩትም።

ስለ ፍሬንም ከሷው ነው የተማርኩት። ቸርኬውን ከግራና ቀኝ የሚጨብጠው ፍሬን በበጋ ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሸራውም የትም ይገኛል። በዋልካ ወቅት ግን ጭቃው መሃሉ ገብቶ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ዲስኩ ከጭቃው ራቅ ስለሚል ይሻላል። ዲስክ ስትሉ ግን ሁለት ዓይነት አለ፣ በሽቦ የሚጎተትና በዘይት የሚገፋ። በዘይት የሚሠራው የጨበጣው ልስላሴ ያስደስታል። ግን አየር የገባበት ቀን የሚያወጣለት ሰው አረርቲ ላይ ማን አለ? ሽቦ ግን ተበጠሰ፣ ተገዛ፣ ተሳበ። በአንድ ፒንሳ። ለኛ በሽቦ የሚሠራው ዲስክ ነው ትላለች፤ እኔም እላለሁ።

ሌላው ገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባልደረባ ነው። የሱ ጠላት እሾህ ነው። ግራር ባለበት አገር የሚነዳ ሰው ካላማደርያ መለጠፍ ከጸሎት ጋር የዕለት ተግባሩ ነው። እሱ የሚለው፣ የጎማውን ቁጥር ከሞዴሉ ስም በፊት እዩ ነው። ዛሬ 26፣ 27.5 እና 29 የሚባሉ አሉ። 29 ጉድጓድ በቀላሉ ያልፋል፣ እውነት ነው፤ ረጅም ሰውም ይስማማዋል። ግን እኔ ዞሬ ባየሁት አረርቲ ሱቅ ላይ ዛሬውኑ የሚገኘው የ26 ነው። የሌላው ቁጥር ካላማደርያ አዳማ ድረስ ያስኬዳል። (ለጭንቅ ቀን የ26ቱን ካላማደርያ ለጥጦ ትልቁ ውስጥ መክተት ይቻላል። ያደርሳል፣ ግን አታስለምዱት።)

ቫልቩንም እዩ። ሁለት ዓይነት ነው፣ እንደ መኪና ጎማ ወፍራሙና ከላይ ትንሽ ዳዶ ያላት ቀጭኑ። ወፍራሙ ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ጋ ኮምፕረሰር ይነፋላችኋል። ቀጭኑ ከሆነ ጎሚስታው በሐዘን ያያችኋል። ለዚህች ትንሽ ነገር ብሎ አንድ ልጅ ፈተና ቀን ሲያረፍድ አይቻለሁ። የሳይክሉ ዋጋ ደግሞ ከጓደኞቹ ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

የሚጭኑትን ጠይቁ ካልኳችሁ፣ ዳቦ የሚያከፋፍል ልጅ አለ። እሱ ስለ ማርሽ ቁጥር ስጠይቀው "21 የሚል ስቲከር አለው፣ እኔ የምጠቀመው አራቱን ነው" አለኝ። ያሳየኝ ሌላ ነገር ነው። በርካሾቹ የኋላ ጥርስ ጎማው እንብርት ላይ በጥምዝምዝ የሚታሰር ዓይነት ነው። ጭነት ሲበዛ መሃል ያለው ብረት ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። እሱ በአንድ ዓመት ሁለት ቀይሯል። ብዙ የሚጭን ሰው ጥርሱ የሚሰካበትን፣ ካሴት የሚሉትን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ኩሽኔታው ወደ ዳር ስለሚወጣ ብረቱ ሸክሙን ይችላል። ባለሱቁ ልዩነቱን ካላወቀ፣ እዚያ ሱቅ ሌላ ጥያቄ አትጠይቁ።

ስለ ፍሬም ብዙ አልልም። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ አይዝግም፤ ሲሰነጠቅ ግን ሰፈራችን ያለው ብየዳ ቤት አይበይደውም። ብረቱ ይከብዳል፣ ግን ሲሰነጠቅ ከአረርቲ ሳትወጡ ትጠግኑታላችሁ። በመንደሩ ላለ ሰው ብረት፣ ከተማ ላይ ለሚነዳ አሉሚኒየም። ቁመቱን ግን አደራ! ልጁ "ያድግበታል" ተብሎ ትልቅ ፍሬም አይገዛለትም፣ ጫማ አይደለም። እግሮቹን ግራና ቀኝ አድርጎ ሲቆም ብረቱ የማይነካው መሆን አለበት።

ጠጋኙንም አትርሱ። ጠጋኝ ማለት የሁሉም ባለቤቶች ንስሐ አባት ነው። ማን ምን እንደገዛና በስንተኛው ወር እንደመጣ ያውቃል። እርግጥ ነው፣ የሚበላሽ ሳይክል እንጀራው ነው፤ ግን "አንተ ለራስህ የትኛውን ትገዛለህ?" ስትሉት አይዋሽም። የጠየቅኳቸው ሁሉ የሚነዱት ምን መሰላችሁ? ደረቅ ጭራ። አንዱማ ባለ ሁለት ሞላ ሳይክል በርካሽ ገዝቶ፣ የኋላውን ሞላ አውጥቶ፣ በቦታው የብረት ዘንግ በይዶበት አየሁ። ስቄ አላባራሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ባለቤት ጠይቁ ስል ከየትም ያለውን ባለቤት አላልኩም። የባሕር ዳር ልጅ ሳይክል የሚያውቅ ልጅ ነው፣ ከተማው ራሱ የሳይክል ከተማ ነው። ግን ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ አስፋልት ነው። ለእሱ የሚሆነው ቀጭን ጎማ እኛ ጋ በበጋ የዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ደብረ ብርሃን ያለ ወዳጄ ስለ ብርድና ኮብልስቶን ይነግረኛል፣ ያም የራሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ሲበላሽበት ታክሲ አለው። የናንተን ጭቃ የበላ ባለቤት ፈልጉ። ቪዲዮ ላይ ያለው ፈረንጅማ ሳይክሉን ለሁለት ሳምንት ተውሶ ነዳው እንጂ ባለቤትም አይደለም።

"ሳይክል የሕፃን ነገር ነው" ላለው ወዳጄ አጭር መልስ አለኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ሳይክል ጋላቢዎችም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሞተር ግዙ ላልከውም፣ ቤንዚኑን አንተ የምትቀዳ ከሆነ ነገ እንገዛለን።

ነገሩ ለኔ ስለ ስፖርት አይደለም። አረርቲ ሳስተምር ስንት ዓመት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግማሽ ክፍል ይዤ ነው የምጀምረው። የሚያረፍዱት ሰነፎቹ አልነበሩም፤ ሩቅ የሚመጡት ናቸው። ከነሱም መሃል ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ውሃ ቀድተው፣ ቤት ጠርገው የሚወጡ። ሲመሽም ያው መንገድ ይጠብቃቸዋል። ለነሱ የሚሠራ ሳይክል ማለት ትምህርት መቀጠልና አለመቀጠል ነው። ያ ሳይክል በሦስት ወር ሲቆም አባትየው "ሞከርን፣ አልሆነም" ይላል፤ ሁለተኛ አይገዛም። ባለሱቁ የሸጠው አንድ ሳይክል ነው፣ ያቺ ልጅ ያጣችው ግን የቀሩትን ክፍሎች ሁሉ ነው። ስለዚህ ነው የምናደደው፣ ስለ ሞላ ብሎ የሚናደድ ሰው ካያችሁ አትደነቁ።

ለነጋዴዎቻችንም አንድ ቃል። እናንተ መጥፎ ሰዎች ናችሁ አላልኩም። የተጠየቃችሁትን ነው የምታመጡት። ግን ባለ ሁለት ሞላ አሥር ከምታመጡ አምስት ደረቅ ጭራ፣ ከዚያም ጋር አንድ ካርቶን ካላማደርያ፣ የፍሬን ሸራና ሽቦ አምጡ። ዕቃው አረርቲ ላይ ይኑር። ሳይክሉን አንዴ ነው የምትሸጡት፣ ካላማደርያውን ግን በየሳምንቱ።

አሁን ከናንተ የምፈልገው አለኝ። ሚንጃር፣ ሸንኮራ፣ በረኸት፣ ወይም እንደኛው ዋልካና እሾህ ያለበት አገር ያላችሁ የሳይክል ባለቤቶች ከታች ጻፉልኝ። "አሪፍ ነው" የሚል አስተያየት አጠፋለሁ፣ ከወዲሁ ተናገርኩ። የምትጽፉት እንዲህ ነው፦ ስንት ክረምት ነዳችሁት፣ የጎማው ቁጥር ስንት ነው፣ ፍሬኑ ምን ዓይነት ነው፣ መጀመሪያ ምን ተሰበረ፣ ዕቃውን የት አገኛችሁ፣ ጭነት ትጭናላችሁ ወይ። የቆመባችሁም ጻፉ፣ በተለይ የቆመባችሁ። ማፈር የለም፣ ስማችሁን ካልፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሰብስቤ፣ በወረቀት አትሜ፣ ቅዳሜ ገበያ ቀን ለሚወርዱት አባቶች በእጄ እሰጣለሁ። ማንበብ የማይችል ካለ ልጁ ያነብለታል፤ ያቺን ሳይክል የምትነዳው ልጅ።